አባቴ ይጠብቀው የነበረው ሃዲድ፦ የድሬዳዋ የእግር ጉዞ ማስታወሻ

እሑድ

ከአዲስ አበባው ፉሪ ለቡ ጣቢያ ጠዋት የተነሳው ባቡር ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ አደረሰኝ። ልጅ ሆኜ የማውቀው ባቡር ይህን መንገድ ሌሊቱን ሙሉ እየተንገጫገጨ ነበር የሚጨርሰው። ያኔ መስኮቱ ክፍት ነው። በየጣቢያው የተቀቀለ እንቁላል፣ ብርቱካን፣ የግመል ወተት ይዘው የሚሮጡ ሴቶች ነበሩ። የዛሬው በኤሌክትሪክ ይሄዳል። መስኮቱ ዝግ ነው፣ ወንበሩ ንጹሕ ነው። ጥሩ ባቡር ነው። እኔ ግን ከሚኤሶ ወዲህ ዓይኔን ከመስኮቱ አልነቀልኩም። የምፈልገው አሮጌውን ሃዲድ ነው።

አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ቁጥቋጦ ይውጠዋል፣ ደግሞ በትንሽ የድንጋይ ድልድይ ላይ ይታያል፣ ከዚያ ይጠፋል።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ሹፌር አልነበረም፣ ቲኬት ቆራጭም አልነበረም። ሃዲድ ጠባቂ ነበር። ከድሬዳዋ እስከ ሽንሌ ያለውን መስመር በእግሩ እየሄደ ብሎን ያጠብቃል፣ ጎርፍ ያመጣውን አሸዋ ይጠርጋል፣ የላላውን ጠጠር ይጠቀጥቃል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ይህንን ሠራ። ያረፈው ካቻምና ነው። እቃውን ስናስተካክል በአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የሥራ መዶሻውንና ጥቂት አሮጌ ቲኬቶች አገኘን። መዶሻውን ወንድሜ ወሰደው። ቲኬቶቹን እኔ ያዝኩ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባኝ። አባቴ በየቀኑ የሚሄድበትን መንገድ እኔ አንድም ቀን ሄጄበት አላውቅም። ልጅ ሆነን «ሃዲዱ ላይ እንዳላያችሁ!» ይለን ነበርና።

ስለዚህ የሳምንት ፈቃድ ጠየቅሁ። ሐሳቤ ቀላል ነው፤ ሃዲዱ በሚሄድበት፣ ሃዲዱ ባቆማቸው ሰፈሮችና ፋብሪካዎች ዙሪያ በእግሬ መሄድ። አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ ለዛሬ ባጃጅ ያዝኩ። አክስቴ ቤት ደርሼ እራት በልቼ ተኛሁ።

ሰኞ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሳሁ። ድሬዳዋ ውስጥ መሄድ የሚፈልግ ሰው ፀሐይ ሳትወጣ ነው መውጣት ያለበት። ታኅሣሥ ስለሆነ ነፋሱ ደስ ይላል። የከዚራ መንገዶች ሰፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ግራና ቀኝ ትላልቅ ዛፎች ተሰልፈዋል። የከተማ ልጅ ሆኜ ይህን ጥላ እንደ ተፈጥሮ ነበር የማየው። አሁን ሳስበው ግን ዛፉም መንገዱም የታቀደ ነው። የባቡር ሰዎች ለራሳቸው መኖሪያ ብለው በመስመር ያሰመሩት ሰፈር ነው። መንገዶቹን ተከትሎ የሄደ ሰው ዞሮ ዞሮ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ይወጣል።

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር የመሥራት ፈቃድ ሰጡ። ኢልግ የስዊዝ መሐንዲስ ነው። ሸሪኩ ሊዮን ሼፍኑ ደግሞ ፈረንሳዊ ነበር። ሥራው ከጂቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሃዲዱን ሐረር ማድረስ ነበር። ነገር ግን ሐረር ተራራ ላይ ናት፣ ወደ እሷ የሚያወጣው ዳገት ደግሞ ለባቡር የሚቀመስ አልነበረም። ገንዘቡም አልበቃም። ስለዚህ ሃዲዱ ከተራራው ሥር ቀረ። ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከሥሩ ከተማ በቀለች። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር የተባለችው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጅልዴሳ ተጎዳች። ከዘይላ ወደብ የሚመጣው የግመል ነጋዴ ወደ ሐረር ሲወጣ ጅልዴሳ ላይ አርፎ፣ ቀረጥ ከፍሎ ነበር የሚያልፈው። ባቡሩ ከመጣ በኋላ ጭነቱ ሁሉ ወደ ድሬዳዋ ዞረ። ስለ ድሬዳዋ መወለድ ስንናገር ስለ ጅልዴሳም ብናነሳ ደስ ይለኛል።

ጣቢያው በር ላይ ጋሼ ቆሞ ጠበቀኝ። የአባቴ ጓደኛ ነው። ሰማንያ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ወጣት ሳለ ከአባቴ ጋር ሃዲድ ላይ ሠርቷል፣ ኋላ ወደ ጥገናው ተዛውሮ እዚያው ጡረታ ወጣ። ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ ነው የመጣው።

«ለእግር ጉዞ እንዲህ ይለበሳል እንዴ ጋሼ?» አልኩት።

«ጣቢያ ስመጣ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምለብሰው» አለኝ። «ሼፍ ደ ጋሩ ያዩሃል እኮ!»

ሼፍ ደ ጋር የጣቢያ ሹም ማለት ነው። እዚህ ጣቢያ ሼፍ ደ ጋር ከጠፋ ቆይቷል። ጋሼ ግን ሲናገር ሹሙ አሁንም በመስኮት የሚያዩት ነው የሚመስለው።

በጣቢያው ግንባር ላይ ጽሑፉ በፈረንሳይኛና በአማርኛ ነው። ጋሼ ቆም ብሎ በሁለቱም አነበበልኝ። የምድር ባቡር ሰው ፈረንሳይኛ የሚማረው ትምህርት ቤት ብቻ አልነበረም። የሥራ ማዘዣው፣ የዕቃው ስም፣ ስድቡም ሳይቀር በፈረንሳይኛ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪኛ፣ ዓረብኛ አብሮ የሚናገር ሰው ብርቅ አይደለም። የባቡር ቤተሰብ ደግሞ በዚያ ላይ ፈረንሳይኛ ይጨምራል።

የመንገደኞች መጠበቂያው ባዶ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ሃዲድ ወደ ጂቡቲ፣ ከዚያም ወደ ስደት ሲሄዱ በዚህ ጣቢያ አልፈዋል። በ1969 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ከተማዋ አፋፍ ድረስ መጥቶ መስመሩ ተቆርጦ ነበር። ጋሼ ያንን ጊዜ ብዙ ማውራት አልፈለገም። «ድልድይ ሲሰበር አጥንቴ የተሰበረ ነው የመሰለኝ» አለና ወደ ሻይ ቤት ወሰደኝ። ሻይ በወተት፣ ሳምቡሳ በላን። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይዋ አናት መብሳት ጀመረች።

ማክሰኞ

ዛሬ ዎርክሾፑን አየሁ። የመግቢያ ፈቃድ እስኪሰጠን በር ላይ ትንሽ ቆየን። ዘበኛው ጋሼን ሲያየው ግን ከወንበሩ ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠው።

እንዴት ልግለጸው? ውስጡ ትልቅ ነው፣ ጣራው ከፍ ያለ ነው፣ በመስኮቶቹ የሚገባው ብርሃን አቧራው ላይ ተጋድሞ ይታያል። መሬቱ ውስጥ ሃዲድ ተቀብሯል። ሎኮሞቲቩ ራሱ እየነዳ ገብቶ ሥር ሥሩ የሚታይበት ጉድጓድ አለ። ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ያለው መስመር የሚታከመው እዚህ ነበር። ብሎን ቢጠፋ እዚህ ይሠራል። ብረት ቢሰበር እዚህ ቀልጦ እንደገና ይፈሳል።

ጋሼ በቀጥታ ወደ አንድ ቶርኖ ሄደ። ቁመቱ ከእሱ ይበልጣል። የባቡር ጎማ የሚሞረድበት ነው። ለማላውቀው ለእኔ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። የባቡር ጎማ ብረት ነው፣ ሃዲዱም ብረት ነው። ሲፋተጉ ሁለቱም ያልቃሉ። ጎማው በውስጥ በኩል ከንፈር አለው፤ ባቡሩ ከሃዲድ እንዳይወጣ የሚይዘው ያ ከንፈር ነው። ከንፈሩ ከሳሳ አደጋ ነው። ስለዚህ ጎማው ከነዘንጉ ይወጣና ቶርኖ ላይ ታስሮ እየዞረ ይላጣል። ቅርፁ እስኪመለስ ድረስ በጥቂቱ፣ በጥቂቱ።

«በጣትህ ነው የምታውቀው» አለኝ። አውራ ጣቱን የአንዱ አሮጌ ጎማ ከንፈር ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ አንሸራተተው። «መለኪያ አለ። ግን መጀመሪያ ጣትህ ይነግርሃል። ይሄውልሽ፣ እዚህ ጋ ሳስቷል። ይሰማሻል?»

ጣቴን አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። እጄን ይዞ ሁለት ጊዜ አመላለሰው። ሦስተኛው ላይ አንድ ቦታ ዝቅ ሲል ተሰማኝ። የወረቀት ውፍረት ያህል ነው።

«አዎ!» አልኩት።

«አየሽ? ይሄ ነው እንግዲህ።»

ይህን የሚያውቁ ሰዎች ዛሬ በጣም ጥቂት ናቸው። ሁሉም አርጅተዋል። ማሽኑ ቆሞ ይቆያል። የጣቱ እውቀት ግን ከሰውየው ጋር ነው የሚሄደው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሙዚየም ይሁን የሚል ንግግር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን ከሙዚየሙ በፊት እነዚህ ሰዎች በሕይወት እያሉ ድምፃቸው ይቀዳ። ወጣቶች አጠገባቸው ቆመው እጃቸውን ይዩ። አሥር ዓመት መጠበቅ አይቻልም።

ግቢው ውስጥ ሎኮሞቲቮች ቆመዋል። ከ1940ዎቹ ወዲህ በእንፋሎት ፋንታ በናፍጣ የሚሠሩት ናቸው። ለዚህ መስመር ናፍጣ ትልቅ እፎይታ ነበር። እንፋሎት ውኃ ይፈልጋል። ከድሬዳዋ እስከ ባሕሩ ያለው ሀገር ደግሞ ውኃ የሌለበት በረሃ ነው። ከነሱ ቀጥሎ ፉርጎዎች ተደርድረዋል፣ ቡና፣ ቆዳ፣ ስኳር፣ ጨው የጫኑ ፉርጎዎች። በአንዱ በር ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታለች።

ከሣጥኑ ያገኘሁትን ቲኬት አውጥቼ ለጋሼ አሳየሁት። ከወፍራም ካርቶን የተቆረጠ ነው፣ ክብሪት ሳጥን አያህልም። ጫፉ ላይ ቲኬት ቆራጩ የበሳው ቀዳዳ አለ። ጋሼ ወደ ብርሃን ይዞት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በቀዳዳው አየ። «አገልግሏል» ብሎ መለሰልኝ።

ረቡዕ

እግሬ ውኃ ቋጠረ። ለነገው መንገድ እንዲሻለኝ ብዬ ብዙ አልሄድኩም። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላና ቀፊራ ገበያ ብቻ ደርሼ ተመለስኩ።

ደቻቱ አሁን ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት መጥቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወሰደ። ስሻገር ሁልጊዜም እርምጃዬ ይፈጥናል።

በወዲህ በኩል ከዚራ ባቡሩ ያሰመራት ናት። በወዲያ በኩል መጋላ ናት፣ ጠመዝማዛ፣ ሰው የሚበዛባት፣ ነጋዴው እንደተመቸው የሠራት። ባቡሩ የሚያመጣው ዕቃ ግን የሚሸጠው እዚያ ነበር። አክስቴ ወጣት ሳለች ከጂቡቲ የሚመጣ ጨርቅ ትነግድ ነበር። ኬላ ሲደርሱ ጨርቁን አንዱን በአንዱ ላይ ለብሰው፣ ከሲታዎቹ ወፍራም ሆነው እንደሚወርዱ ስታወራ ዛሬም እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። ቀፊራ ላይ ሎሚና ሙዝ ገዝቼ ተመለስኩ።

ሐሙስ

የመጣሁት ለዚህ ቀን ነው።

ሽንሌ ከድሬዳዋ ወደ ሰሜን አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ጂቡቲ ሲሄዱ ቀጣዩ ጣቢያ ነበር። አባቴ የሚጠብቀው ይህንን ነው። ጠዋት ሄዶ፣ እዚያ ሻይ ጠጥቶ፣ ተመልሶ ይመጣል። ጋሼ የመጀመሪያውን ሁለት ኪሎ ሜትር አብሮኝ ሊሄድ፣ ከዚያ በኋላ የልጁ ልጅ ሊሸኘኝ ተስማማን። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ሁለት ሊትር ውኃ ያዘልኝ።

ጎህ ሲቀድ ጀመርን። ሃዲድ ላይ መሄድ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሁለቱ ሃዲዶች በአንድ ሜትር ርቀት ነው የተነጠፉት። ጠባብ መስመር የተመረጠው ወጪው ስለሚቀንስና ተራራ ሥር ቶሎ ቶሎ ለመታጠፍ ስለሚመች ነው። ከሃዲዶቹ ሥር አግድም የተጋደሙት ብረቶች አሉ፣ የባቡር ሰዎች «ትራቨርስ» ይሏቸዋል። ችግሩ ያለው እነሱ ላይ ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ ልርገጥ ስትሉ እርምጃችሁ ያጥራል። አንዱን ልዝለል ስትሉ ደግሞ ይረዝማል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እግሬና ትራቨርሱ ሲጣሉ ቆዩ።

«አባትሽ እንዴት እንደሚሄድ ላሳይሽ?» አለኝ ጋሼ።

ትራቨርሱን ትቶ ከሃዲዱ ውጪ፣ ጠጠሩ አልቆ አፈሩ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ወጣ። እዚያ ላይ አንድ ጫማ የሚያህል ቀጭን መንገድ አለ። ሣር አልበቀለበትም። መሬቱ ጠንክሯል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ወደ ሃዲዱ ዘንበል አድርጎ መሄድ ጀመረ። ክው አልኩ። አባቴ እቤት ውስጥም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድም አንገቱ ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር። እኛ ሕመም ነው እንል ነበር። ለካ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሃዲድ እያየ ሄዶ ነው።

ያቺን ቀጭን መንገድ የሠሯት የሃዲድ ጠባቂዎች እግሮች ናቸው። አባቴና ከእሱ በፊት የነበሩት። ዛሬ ደግሞ ፍየል የሚጠብቁ ልጆችና ወደ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ይሄዱባታል። ባቡሩ ቆመ፣ መንገዷ አልቆመችም።

ትራቨርሶቹን ቁጭ ብዬ አየኋቸው። እንደ ተገለበጠ ገንዳ ናቸው፣ ሆዳቸው ባዶ ነው። በድንጋይ ስትመቷቸው የተቀደደ ከበሮ ይመስላሉ። ለምን በእንጨት አልሠሩትም ብዬ ጠየቅሁ። ጋሼ ሳቀ። «ምስጡስ?» አለኝ። በዚህ ሀገር እንጨት መሬት ላይ ብታስቀምጪ ምስጥ ይጨርሰዋል። ብረቱ ግን ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። አንዳንዱ ላይ የፋብሪካው ጽሑፍ ነበረ፣ ዝጎ የሚነበብ አልሆነም።

ደግሞ ሃዲዶቹ የሚገናኙበትን ቦታ አሳየኝ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ትንሽ ክፍተት አለ። ቀን በሙቀት ብረቱ ይረዝማል፣ ክፍተቱ ካልተተወለት ሃዲዱ ይጎብጣል። ባቡር ሲሄድ የምንሰማው «ቀጭ ቀጭ» ያ ክፍተት ነው። እንቅልፍ ሲወስደን የምንሰማው ያ ነበር።

ጋሼ ከመመለሱ በፊት አንድ ትንሽ ድልድይ ላይ አረፍን። እዚያ ነው የአዋሹን ያነሳው። ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡሩ የታጠፈ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ወደ ገደል ወደቀ። ከአራት መቶ በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። «እኛ ሃዲዱን አጥብቀን ነበር» አለኝ ጋሼ። የእነሱ መስመር ሽንሌ ነው፣ አዋሽ አይደለም። ግን «እኛ» ነው ያለው። አባቴ በዚያ ሰሞን ለሳምንታት እህል አልበላ ብሎ እንደነበረ እናቴ ነግራኛለች፤ ምክንያቱን አሁን ነው የያዝኩት።

ከዚያ በኋላ እኔና ልጁ ቀጠልን። ከተማው ከኋላችን ቀረ። ግራና ቀኝ እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ አሸዋ፣ ሩቅ ሰማያዊ ተራራ። መሬቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ቦታ ሃዲዱ የለም። ትራቨርሶቹም ተነቅለዋል። ጠጠሩ ብቻ ጀርባውን አስጥቶ ቀርቷል። ከተማ ውስጥ ለአጥር፣ ለቤት ምሰሶ፣ ለቱቦ መሻገሪያ የዋለ ሃዲድ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ችግረኛ ሰው ቤቱን ቢያቆምበት አልፈርድም። በመኪና ተጭኖ ለብረታ ብረት መሸጡ ግን ያንገበግበኛል። ሃዲዱ ባይኖርም ያቺ ቀጭን የእግር መንገድ ግን አልተቋረጠችም። ተከትለናት ሄድን።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሽንሌ ገባን። ላብ በላብ ሆኛለሁ። አንዲት ሶማሌ እናት ከዳስ ሥር ሻይ ትሸጣለች። ልጁ በሶማሊኛ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገራት። ቀና ብላ አየችኝና የአባቴን ስም ሳይሆን «መዶሻው» የሚል ቅጽል ስሙን ጠራች። ልጅ ሆና ጠዋት ጠዋት ሃዲዱን ሲያንኳኳ ይሰሙ ነበር። ድምፁ እየቀረበ ሲመጣ እናቷ ሻይ ትጥድ ነበር።

ገንዘብ አልተቀበለችኝም። ሻዩ ላይ የግመል ወተት ጨምራበታለች፣ ዝንጅብልና ሄል ይሸታል። ሁለት ጠጣሁ።

ስንመለስ መኪና ያዝን። ልጁ እንኳን ደክሞታል።

ዓርብ

ከዓርብ ብዙ አልጽፍም። ኮተኒን በአጥሩ ዙሪያ ዞርኩ። ስሙ የመጣው ጥጥ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲሠራ የፈረቃው ጩኸት ለሰፈሩ ሁሉ ሰዓት ነበር። ሴቶች ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንደያዙ ወደ ቤት ሲመለሱ ትዝ ይለኛል። ዛሬ በአጥሩ ሥር ቆሜ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ፣ እርግብ ብቻ ነው የሰማሁት።

ከዚያ በጣሊያን ጊዜ ወደ ተተከለው ሲሚንቶ ፋብሪካ አቀናሁ። በሀገራችን የመጀመሪያው ነው። ድሬዳዋ ላይ የተተከለበት ምክንያት በእግር ሲኬድ በደንብ ይገባል። የኖራ ድንጋዩ ተራራ እዚያው ጀርባው ላይ ነው፣ ባቡሩ ደግሞ ደጁ ላይ። ድንጋይ ከኋላ ይገባል፣ ሲሚንቶ ከፊት ይወጣል። ኮተኒም፣ ሲሚንቶውም፣ የቡና መጋዘኖቹም ሃዲዱን ተጠግተው ነው የተሠሩት።

አሁንም ያው ነው። በ2014 ዓ.ም. በሀገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና እዚህ ሲከፈት የተመረጠው ቦታ አዲሱ ባቡር አጠገብ ነው። ደስ ብሎኛል። የከተማዬ ልጆች ሥራ ያግኙ። እነሱ የሚያቀኑትን ሰፈር ደግሞ ወደፊት አንዷ ልጅ በእግሯ ትዞረው ይሆናል።

ማታ ነፋሻ ሲሆን ከአክስቴ ጋር ከዚራ ወጥተን ዛፎቹ ሥር ተንሸራሸርን። ድሬዳዋ ማታ ማታ ሁሉም ሰው ይወጣል።

ቅዳሜ

ባቡሬ ከመነሳቱ በፊት ጋሼን ልሰናበት በጠዋት ጣቢያው ጋ ሄድኩ። ከጣቢያው ትንሽ ራቅ ብሎ ሃዲዱ ከዛፍ ጥላ የሚወጣበት ቦታ ላይ ጠበቀኝ። ሸሚዙ ዛሬም ተተኩሷል። በእጁ ግን መዶሻ ይዟል። የራሱ ነው፣ እንደ አባቴው ያለ፣ እጀታው ረጅም፣ ራሱ ትንሽ።

«ያላሳየሁሽ ነገር ቀርቷል» አለኝ።

ሃዲዱን አንኳኳ። ደወል ይመስል ጥርት ብሎ ጮኸ፣ ድምፁ ወደ ሩቅ ሄደ። «ይሄ ደህና ነው።» ጥቂት እርምጃ ሄዶ ደገመ። ደህና ነው። ደግሞ ሄደ። አራተኛው መጋጠሚያ ላይ ሲመታ ድምፁ ታፈነ። ቆመ። እንደገና መታው።

«ላልቷል» አለ።

ከኪሱ መፍቻ አወጣ። ተንበረከከ፣ የተተኮሰ ሱሪው ጠጠር ላይ አረፈ። ብሎኑ ዝጓል፣ እንቢ አለ። እኔም አጠገቡ ተንበረከክሁና መፍቻውን ከጫፉ ያዝኩ። አብረን ተጫንነው። በመጨረሻ ሩብ ዙር ያህል ዞረ። ጋሼ ትንፋሹን ሰብስቦ መዶሻውን ሰጠኝ።

«በይ አንኳኪ።»

አንኳኳሁ። ከቅድሙ ይሻላል። እንደ ሌላው ግን አልጠራም።

ጋሼ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፣ ከዚያ መፍቻውን መልሶ ብሎኑ ላይ አደረገ። «ባቡርሽ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

«ጊዜ አለን» አልኩት።